እናቴን «አላውቅዎትም» ያልኩበት እሑድ

ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴን በገዛ አፌ አባረርኳት። ይህን ለሰው ስናገር ሁሉም «ኧረ የሰባት ዓመት ልጅ ምን ጥፋት አለባት!» እያለ ያጽናናኛል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል የለ። እኔ ያቦካሁት ግን ይኸው ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲበላ አላለቀም።

ያባረርኳት ጠልቻት አይደለም። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ማንንም እንደዚያ ወድጄ አላውቅም። ጥፋቱ የመጣው ዘወትር ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሚታይ የካርቱን ፊልም ነው።

የምንኖረው ኢሶሃማ ነበር፤ በሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ ነፋሱ ጨው ይዞ መስኮት የሚደበድብባት ከተማ። አባቴ ኖቡኦ የዓሣ ጀልባ ሞተር ይጠግናል። እጁን ቢያሽ ቢያሽ የናፍታው ሽታ አይለቀውም፤ ከአፉ ደግሞ ቃል ከማውጣት ከሞተር ውስጥ የዛገ ብሎን ማውጣት ይቀላል። ቤቱን የምትገዛው ታላቅ እህቱ ቶሚኤ ነበረች። አክስቴ ባል አላገባችም፤ ሩዙን የምትለካው እሷ፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የምትይዘው እሷ፣ ማታ ለሁላችንም አንዴ በሚሞቀው የገላ መታጠቢያ ውሃ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚገባ የምትወስነውም እሷ። እናቴ ሳዮኮ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር የምትገባው፣ ውሃው ለብ ሲል። እዚያ ገብታ ትዘፍናለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ ብዬ፣ በበሩ ስንጥቅ ከሚወጣው እንፋሎት ጋር ድምፅዋን እሰማለሁ። ከእናቴ የቀረኝ ትዝታ በአብዛኛው ይኸው ነው።

አምስት ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ጠዋት ተነሥቼ አጣኋት። ፎቶዎቿንም አክስቴ በማግሥቱ ከግድግዳው አወረደቻቸው። «የት ሄደች?» ስል «ሥራ» ይሉኛል። ሥራ የሄደ ሰው ደግሞ ማታ ይመጣል ብዬ ብዙ ማታ ጠበቅሁ።

ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ በሚያዝያ ይመስለኛል፣ ከሥሩ ማሞቂያ ባለው፣ ብርድ ልብስ በለበሰው ጠረጴዛ ሥር እግሬን አስገብቼ የተኛሁ መስዬ ሳለሁ አባቴና አክስቴ ማድቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ወረቀቱ ዛሬ መጣ» አለች አክስቴ። «ስሟ ከቤተሰቡ መዝገብ ወጥቷል። ከእንግዲህ እንደኛ ኦባታ አይደለችም። ስሟን ቀይራለች።»

አባቴ ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ሲታጠብ ተሰማኝ።

«ምን ይዘጋሃል? ኮከብ ልትሆን አይደል የሄደችው! በየመብራቱ ሥር ስትዘፍን እናያት የለ!»

«እትዬ፣ በቃ።»

«ምኑ ነው በቃ?»

«ስሟን በዚህ ቤት እንዳልሰማ። በተለይ ልጅቷ ፊት።»

«እኔስ መች ጠራሁት? አፌን በሷ ስም አላሟሽም።»

ሽሙጥ ለሰባት ዓመት ልጅ አይገባም። እናቴ ኮከብ ልትሆን ሄዳለች፤ ስሟን ቀይራለች፤ ስሟ ደግሞ በማንም ፊት መጠራት የለበትም። ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ ሳስቀምጥ ልቤ ጠረጴዛውን እስኪያነቃንቀው ድረስ መታ። ምክንያቱም ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ፤ በየሳምንቱ ዓርብ አየዋለሁ።

(እናቴ ያን ጊዜ ኒጋታ የሚባል ሌላ ከተማ ውስጥ ምሳ በሣጥን የሚያሽግ ፋብሪካ ቆማ ሩዝ ስትሞላ ነበር የምትውለው። የሄደችውም ከአክስቴ ጋር በአንድ ማድቤት መኖር አቅቷት ነው፤ ስሟ የተቀየረውም ስለተፋቱ ነው። አባቴ መሃል ገብቶ አንዲት ቃል እንዲናገርላት ስድስት ዓመት ስትለምነው ኖራ አልተናገረላትም። እኔን ይዛ እንዳትሄድ ደግሞ «ልጅ የቤቱ ነው» አሏት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።)

የካርቱኑ ባለታሪክ ኮዮሪ ትባላለች፤ አባቷ ጎህ ሳይቀድ አኩሪ አተር እየፈጨ ቶፉ የሚባለውን አይብ መሰል ምግብ የሚሠራ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ጣሪያ ሥር ጎጆ የሠራች አንዲት ወፍ፣ ኮዮሪ እንቁላሏን ከእባብ ስላተረፈችላት፣ ድምፅ ታበድራታለች። ኮዮሪም በዚያ ድምፅ «ሴሪና» የምትባል የቴሌቪዥን ዘፋኝ ትሆናለች፤ ጸጉሯ ብርቱካንማ፣ ቦት ጫማዋ ነጭ። የድምፁ ሕግ ግን አንድ ነው። ሴሪና ሕዝብ ፊት ሳለች የሚወዳት ሰው በእውነተኛ ስሟ ከጠራት፣ ወይም እንደሚያውቃት ካሳየ፣ ድምፅዋ ለዘለዓለም ይጠፋል። ሕጉ በወር አንዴ በሚወጣው ወፍራም የልጃገረዶች መጽሔት ላይ በኮከብ ተከቦ ታትሞ ነበር። መጽሔቱ የሪትሱኮ ነው፤ ሪትሱኮ ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ነበረች። ገጹን እንዳልቀድባት ስለምትጠብቀኝ በቃሌ ያዝኩት።

ከዚያ ምሽት በኋላ ቤታችን በዓይኔ ተለወጠ። ለካ አባቴ ዝም የሚለው እናቴን ለመጠበቅ ነው! ለካ አክስቴ ፎቶዎቹን ያወረደችው ጎረቤት ገብቶ እንዳያውቃት ነው! በቴሌቪዥን ዘፈን ሲመጣ አክስቴ ተነሥታ «ጩኸት!» እያለች ስታጠፋው፣ ከዚህች ሴት የበለጠ ታማኝ በዓለም የለም እያልኩ በፍቅር አያታለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ሄጄ ከኋላዋ አቀፍኳት።

«ምን ሆነሻል? ትኩሳት አለሽ?» ብላ ግንባሬን ነካችኝ።

«ምንም አልሆንኩም።»

«እንግዲያስ ልቀቂኝ፤ ጎመኔን ልቁረጥ።»

ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ከባድ ነበር። አንድ ቀን ከሪትሱኮ ጋር በገመድ ዝላይ ተጣላንና፣ ሪትሱኮ በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት፣ «አንቺ እኮ እናትሽ ጥላሽ ነው የሄደችው፤ እማዬ ነግራኛለች!» አለችኝ።

ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ? ማሜታም እንደዚያው ነበር የሚያደርገው። ማሜታ የኮዮሪ ትንሽ ወንድም ነው፤ ሰው «እህትህ ሰነፍ ናት፣ ማታ ማታ የት ትሄዳለች?» ሲለው የተጠበሰ ቶፉውን እያኘከ ፈገግ ይላል።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ሪትሱኮ።

«ምንም።»

«እናቷ ትታት ሄዳ ትስቃለች! ይቺ ልጅ ጤነኛ አይደለችም» ብላ ገመዱን ጠቅልላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በዕረፍት ሰዓት አብሮኝ የሚጫወት አልነበረም። የመጫወቻ ሜዳው ጥግ፣ ጎማ ተቆርጦ የተቀበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ የሆዴን በሆዴ ይዤ እውላለሁ። ብቸኝነት መሆኑን አላወቅሁም። ምስጢር የመጠበቅ ሥራ እየሠራሁ መሰለኝ፤ ሥራ ደግሞ ያደክማል።

መስከረም ላይ የደረጃው ክፍል ታየ። ሴሪና ከቴሌቪዥን ጣቢያው ደረጃ ትወርዳለች፤ ግራና ቀኝ ፎቶ አንሺዎች። ማሜታ የቶፉ ባልዲውን ተሸክሞ ደረጃውን እየወጣ ነው። ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሳታስበው እጇን ልትዘረጋለት ትላለች። እሱ ባልዲውን ያስቀምጥና ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሥቶ፣ «አላውቅዎትም፤ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ደስ ብሎኛል» ይላታል። የሴሪና ዓይኖች በእንባ ይሞላሉ፤ እንባው ውስጥ ኮከቦች ያበራሉ፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል። እኔም ከቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክኬ አነባሁ። ሰው ሰውን ከዚህ በላይ ሊወድ እንደማይችል ያን ቀን ወሰንኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ በዚያው ሰዓት ስከፍተው ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያወራ ሽማግሌ መጣ። ያልቃል አላለም፣ ደህና ሁኑ አላለም፤ በቃ ጠፋ። እኛ ባለንበት አውራጃ የግል ጣቢያው ሁለት ብቻ ነበር፤ የቶኪዮን ፊልም እየገዛ ዘግይቶ ያሳያል፣ ሲሻው መሃል ላይ ቆርጦ ይተዋል። ልጅ ይህን በምን ያውቃል? ታሪኩ ማሜታ እጅ በነሣበት ያበቃ መሰለኝ። ጥሩ አበቃቅ ነው ብዬም ተቀበልኩት።

በጥቅምት ወር፣ እሑድ ቀን፣ አባቴ አንድ ያለችውን ኮት ለብሶ፣ «ቺጉሳ፣ ከተማ እንውጣ» አለኝ። አክስቴ በሩ ድረስ ወጥታ ካልሲዬን ወደ ላይ ሳበችልኝና ምንም ሳትል ገባች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም።

ትልቁ መደብር ስድስተኛ ፎቅ ላይ አባቴ የልጆች ምሳ አዘዘልኝ፤ ሩዙ ላይ ትንሽ ባንዲራ የተሰካበት። እሱ ግን ሻይ ብቻ ይዞ ሲያየኝ ቆየ።

«ዛሬ አንድ ሰው እናያለን» አለኝ።

«ማንን?»

«ስታያቸው አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

የመደብሩ ሰገነት ላይ ሳንቲም ሲገባባቸው የሚወዛወዙ የዝሆንና የባቡር መጫወቻዎች፣ ከጥጉ ደግሞ ከጣውላ የተሠራ መድረክ ነበር፤ አራት ደረጃ ያለው፣ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ። በየእሑዱ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገና ያስቀረጹ ዘፋኞች እየመጡ ይዘፍኑበታል። ያን ቀን የመጣችው አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ጉልበቷ ከብርዱ የተነሣ ሐምራዊ ሆኖ፣ የገበያ ዘንቢል ለያዙ አሮጊቶችና ካሜራ ለተሸከሙ ሦስት ጎረምሶች ትዘፍናለች። ጎረምሶቹ አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሰው፣ በየዘፈኑ መሃል ስሟን በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ።

ከደረጃው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን የቆመች ሴት አየሁ፤ ፈዛዛ ቡኒ ካፖርት፣ አጭር የተቆረጠ ጸጉር። ሳትዞር ነው ያወቅኋት። በማጅራቷ አወቅኋት።

ዞረች። ቀይ ሊፕስቲክ ተቀብታለች። እናቴ ሊፕስቲክ ስትቀባ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ኮከብ መሆኗን የተጠራጠርኩት ነገር እንኳ ቢኖር በዚያች ቅጽበት ጠፋ። ከኋላዋ ዘፋኟ ጨርሳ ደረጃውን መውረድ ጀምራለች፤ ጎረምሶቹ ካሜራቸውን ወደ ደረጃው፣ ማለትም ወደ እናቴና ወደ እኔ አዞሩ። አምፖሉ ብልጭ፣ ብልጭ አለ። ደረጃ አለ፣ ሕዝብ አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፤ አንድም የጎደለ ነገር የለም።

አባቴ ትከሻዬን ይዞ ጎንበስ አለ። «ቺጉሳ፣ እኚህን ሴትዮ ታውቂያቸዋለሽ?»

ሮጬ ካፖርቷ ውስጥ መግባት ነበር የፈለግሁት። እግሬ አንድ እርምጃ ሄዶም ነበር። ከዚያ ማሜታ ትዝ አለኝ። እግሮቼን ገጥሜ ቆምኩ፤ እጆቼን ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ ወገቤ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብዬ ጮክ አድርጌ፣

«አላውቅዎትም፤ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ደስ ብሎኛል» አልኳት።

እናቴ መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለች። ፊቷ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ። «ቺጉሳዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። እዪኝ እስቲ። ገላዬን ስታጠብ የምዘፍነውን ዘፈን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኝ አልነበር?» ብላ ዘፈኑን በቀስታ ጀመረችው። ድምፅዋ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተቆረጠ።

ደነገጥኩ። ድምፅዋ መሄድ ጀምሯል! አንድ እርምጃ ስለ ተራመድኩ፣ ዓይኔ ስለ ከዳኝ ነው! አሁኑኑ ካላጠነከርኩት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ነው ብዬ፣ ከበፊቱ ይልቅ ጮክ አድርጌ፣

«ዘፈኑን አላውቀውም። ሰው ተሳስተው ይሆናል» አልኳት።

ያን ጊዜ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። ልክ እንደ ሴሪና። ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ አደረግሁት፣ እናቴን አዳንኳት፣ እሷም ገብቷታል አልኩ።

እናቴ ተነሣች። «ልክ ነበራችሁ» አለችው አባቴን። «ረስታኛለች። እንደ ቃላችን ይሁን።»

«ሳዮኮ…» አለ አባቴ።

ስሟን ጠራ! በሕዝብ ፊት! ይህን ያህል ጊዜ ጠብቆ ጠብቆ፣ መጨረሻው ላይ አበላሸው! የኮቱን እጅጌ ይዤ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። «አባዬ፣ እንሂድ! በረደኝ፣ እንሂድ!»

አባቴ አፉን ከፍቶ ነበር። ስድስት ዓመት የተለመነውን ቃል ያን ቀን ሊናገር ይሆን? አላውቅም። አፉን ዘጋው። እናቴ አሳንሰሩ ውስጥ ገባች፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እያየችኝ ነበር። እኔ እጄን አላወዛወዝኩላትም፤ ሰው ለማያውቀው ሰው እጁን አያወዛውዝም።

መንገድ ላይ አባቴ አይስክሬም ገዛልኝ። በጥቅምት ብርድ አይስክሬም! ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ብዬ ጥርሴ እስኪደነዝዝ በላሁት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። አክስቴ ገበያ ስትሄድ የዘፈን ዝግጅት እከፍታለሁ፤ የእናቴን ፊት በየዘፋኟ የፊት ቀለም ሥር እፈልጋለሁ። ኮከብ የሆነ ሰው በቴሌቪዥን መምጣቱ አይቀርም። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፤ አልመጣችም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አባቴ ስሟን በመጥራቱ ድምፅዋ ጠፍቷል። በዚህ ምክንያት አባቴ ላይ ቂም ያዝኩ። ናፍታ የሚሸት እጁን ሊያሳርፍብኝ ሲል ራሴን አዞራለሁ፤ «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደህና» ብዬ እነሣለሁ። በአንድ ቤት ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሦስታችንም በየግላችን ሩዝ እናኝክ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት እጄን ስታጠብ፣ ካርቱን ካርቱን መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፣ ታዲያ ያቺ ሴት ምን ነበረች የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ውሃውን ዘጋሁት። ሐሳቡንም አብሬ ዘጋሁት። ሆድ ያወቀውን አፍ እንዲናገረው ሌላ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

ሃያ ዓመት የሞላን ልጆች ኪሞኖ የሚባለውን የአገር ልብስ ለብሰን ለአካለ መጠን የመድረስ በዓላችንን ያከበርንበት ቀን፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ አባቴ ሳላስበው፣

«እናትሽ አንድ ቀን መጥታ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። መደብሩ ሰገነት ላይ ያየሻት ሴት እሷ ነበረች።» ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። «አጎቴ አስታራቂ ሆኖ፣ ‹ማንም ሳይነግራት ልጅቷ ራሷ እናቷን ካወቀቻት በወር አንድ ቀን ታግኛት። ረስታት ከሆነ ግን ልጅቷን አታናውጧት፣ እናትየዋም ኑሮዋን ትኑር› አለን። ሁላችንም ተስማማን። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚደረገው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላውቅዎትም አልሻት።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እሷን ካወቅሻት ቀስ በቀስ ወደ እሷ የምትሄጂ መስሎኝ ነበር። እኔ ጋ የቀረሽ መስሎኝ… ግን አንቺ እኔም ጋ አልነበርሽም።»

ፎቶ አንሺው ስማችንን ጠራ። ያቺ ፎቶ አሁንም አለች፤ ሁለታችንም የቆምነው እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነው።

የእናቴን አድራሻ ከመዝገብ ጽሕፈት ቤት አወጣሁ። ኒጋታ ውስጥ፣ ከሁለተኛ ባሏ ጋር፣ የልብስ ንጽሕና ሱቅ ነበራት። ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ደረሰኝ ስትጽፍ አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ ለመክተት ሦስት ጊዜ ሳተች። ሱቁን ዘግታ ከኋላ ክፍል አስቀመጠችኝና ሁሉንም ነገርኳት፤ ኮዮሪን፣ ወፏን፣ ሕጉን፣ ማሜታን፣ ደረጃውን። እያለቀስኩ ነበር የነገርኳት፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ።

እናቴ ጨርሼ እስክናገር ሰማችኝ። ከዚያ ጀርባዬን እያሻሸች፣

«ደግ ልጅ ሆነሻል» አለችኝ። «ይህን ሁሉ ለእኔ ብለሽ አሰብሽው? ግድ የለሽም። ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ ረሳሽኝ። መርሳት ኃጢአት አይደለም።»

«እማዬ፣ አልረሳሁሽም! እውነቴን ነው!»

«እሺ፣ እሺ» አለችኝ፤ ሰው የሚያለቅስ ሕፃን እሺ እንደሚለው።

አላመነችኝም። በምን ታምነኝ? አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ ረስታኛለች ብላ፣ በዚያ ላይ ቤት ሠርታ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለቴ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ ዓሣ ትጠብስልኛለች፣ ስለ አየሩ እናወራለን፤ ስሄድም የባቡሩ ደረጃ ድረስ ትሸኘኛለች። ጨዋ እንግዳና ጨዋ አስተናጋጅ ሆነን አሥራ ስምንት ዓመት ኖርን። ስለዚያ እሑድ ዳግመኛ አንሥቼባት አላውቅም። ካርቱኑን ግን በየቪዲዮ ማከራያ ቤቱ ፈለግሁ፤ የሚያውቀው እንኳ አልነበረም።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን አገኘሁት። ሃያ ስድስቱም ክፍል በዲስክ። የእኛ ጣቢያ ያሳየው ሃያ አንዱን ብቻ ነበር፤ የደረጃው ክፍል ሃያ አንደኛው ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ክፍል እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ አየኋቸው። በመጨረሻው ክፍል ሴሪና ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ትዘፍናለች። ማሜታ ከሕዝቡ መሃል ይነሣና፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ «ኮዮሪ! እህቴ ኮዮሪ!» ብሎ ይጮሃል። የሴሪና ድምፅ ይጠፋል። ኮዮሪ ከመድረኩ ዘልላ ትወርድና ታቅፈዋለች። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ መናገር ስለማትችል፣ በአውቶቡሱ መስኮት ጉም ላይ በጣቷ ትጽፍለታለች፦ «ከደረጃው ቀን ጀምሮ እስክትጠራኝ ስጠብቅ ነበር።»

ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አምስት ዓርብ። አምስት ዓርብ ብቻ ነው የቀረብኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ዲስኮቹን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ስኒና አንድ ጥንድ የመብያ ዘንግ ብቻ ነው ታጥቦ የተደፋው። መነጽሯን አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች። የደረጃውን ክፍል ከፈትኩላት። ማሜታ ባልዲውን አስቀምጦ ጎንበስ ሲል፣ «አላውቅዎትም፤ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ደስ ብሎኛል» ሲል፣ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እውነት ነበር እንዴ?» አለች።

«እውነት ነበር።»

«እኔ እኮ… ለእኔ ብለሽ የፈጠርሽው ይመስለኝ ነበር።» ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሣችም። «ያን ቀን ሳለቅስ፣ ደስ ብሏት ነው ብለሽ ነበር?»

«አዎ።»

«አወቅሽኝ ማለት ነው።»

«ሳትዞሪ ነው ያወቅሁሽ፣ እማዬ። በማጅራትሽ።»

እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ፊት ነበር። እጄን በሁለት እጇ መሃል አድርጋ ረጅም ጊዜ ይዛኝ ቆየች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣

«ይቺ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችኝ። «ወንድሟስ?»

የመጨረሻው ዲስክ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«እኛ ጋ የቆመው እዚህ ላይ ነው» አልኳት። «ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁትም።»

«እንኳንም» አለች እናቴ። «እዚህ ላይ ቢያልቅ ነው ጥሩ። እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነው!» ወደ እኔ ጠጋ ብላ መነጽሯን አስተካከለች። «እስቲ ደግሞ ከደረጃው ጀምረሽ አሳዪኝ።»

ከደረጃው ጀምሬ አሳየኋት።